ሁለት ሕፃናት በአንድ መለኪያ፦ በጀርመን ከተሞችና በካሜሩን ንሶዎች ዘንድ ልጅ ስለማሳደግ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ንግግር ነው፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በመጠኑ ተስተካክሏል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ለትምህርት በጀርመን በነበርኩበት ወቅት አንዲት የአገራችን ሴት እንዳስተረጉምላት ጠየቀችኝ። የሦስት ዓመት ልጇ ከሚውልበት የሕፃናት መዋያ ለውይይት ተጠርታ ነበር። የተቀበለችን መምህርት ትሑትና ሰው አክባሪ ነበረች፤ በፊቷ ግን አንድ ቅጽ ተዘርግቷል። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከእኩዮቹ ጋር አይጣላም። ነገር ግን ምሳ ሲቀርብ «የቱን ትፈልጋለህ?» ቢሉት ዝም ይላል። ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ይሰብራል። ጠዋት ከእናቱ ሲለይ አያለቅስም፤ ማታ ስትመጣም ሮጦ አይጠመጠምባትም። በቅጹ ላይ «የራሱን ፍላጎት ይገልጻል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር አጠገብ «ገና ነው» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። እናቲቱ የተረጎምኩላትን ካዳመጠች በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ታዲያ ምን አጠፋ? ጨዋ ነው እያለችኝ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ያችን «ጨዋ» የምትል ቃል ወደ ጀርመንኛ መመለስ አቃተኝ። የቃላት ድህነት አልነበረም፤ ጀርመንኛ ትሑት፣ ታዛዥ፣ በሥርዓት ያደገ ለማለት ቃላት አሉት። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከነዚያ ቃላት አንዱንም ብናገር መምህርቷ ጭንቀቷ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ በዚያ ክፍል ውስጥ ስላቃተኝ ትርጉም ነው።

በዚህ ርእስ ላይ ጀርመንን ከኢትዮጵያ ጋር ባነጻጽር ይቀለኝ ነበር። ይሁንና ስለ ራሳችን አስተዳደግ ስንናገር ሁላችንም ወይ ጠበቃ ወይ ከሳሽ እንሆናለን፤ ዳኛ የሚሆን አይገኝም። ስለዚህ የእኛ ያልሆኑ ሁለት ወገኖችን መርጫለሁ። አንደኛው በጀርመን ከተሞች የሚኖረው መካከለኛ ገቢ ያለው የተማረ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን ደጋማ የሣር ምድር የሚኖረው የንሶ ገበሬ ነው። ንሶዎች ላምንሶ የሚባል ቋንቋ ይናገራሉ፤ ፎን የሚባል ባህላዊ ንጉሥ አላቸው፤ ዋና ከተማቸው ኩምቦ ናት። እነዚህን ሁለቱን የመረጥኩት በኦስናብሩክ ዩኒቨርሲቲ ስትሠራ የቆየችው የሥነ ልቦና ሊቅ ሃይዲ ኬለርና ባልደረቦቿ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ ስላጠኗቸው ነው። በነገራችን ላይ ካሜሩን ከ1884 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ጀርመኖች ወደዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱት ልጆችን ለማጥናት አይደለም።

እንግዲህ የሦስት ወር ሕፃን ይዘን እንጀምር። ተመራማሪዎቹ እናቶችን «ከልጅሽ ጋር እንደ ልማድሽ ተጫወች» ብለው ቀረጿቸው። ጀርመናዊቷ እናት ልጇን ምንጣፍ ላይ በጀርባው ታስተኛለች፤ ከላይ ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊቱ ትገጥማለች። ታናግረዋለች፤ ደግሞም ትጠይቀዋለች፦ ደከመህ ወይ? ይሄ አሻንጉሊት አልጣመህም? ሌላኛውን ትፈልጋለህ? ከዚያም ትጠብቃለች። ሕፃኑ ድምፅ ካወጣ ወይም ዓይኑን ካዞረ እንደ መልስ ቆጥራ ንግግሯን ትቀጥላለች። መናገር የማይችል ሰው የውይይት ተራ ተሰጥቶታል ማለት ነው። አልፎ አልፎም ትታው ዘወር ትላለች፤ ምክንያቱም ለጥቂት ጊዜ ብቻውን መሆንንና ራሱን ማጫወትን መልመድ በእርሷ ዘንድ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሌሊትም የራሱ አልጋ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ክፍል አለው።

የንሶዋ እናት ልጇን መሬት ላይ አስተኝታ አታጫውተውም። ሕፃኑ ከሰው ገላ አይለይም፤ ከጀርባ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ዳሌ ይዘዋወራል። ጨዋታውም በአብዛኛው ገላ ለገላ ነው። እናቲቱ ብብቱን ይዛ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ታነሣዋለች፣ ታወርደዋለች፣ በእግሩ ታቆመዋለች፤ ይህንም በድምፅዋ ምት እያጀበች ትደጋግመዋለች። ልጁ ድምፅ ሲያወጣ ተራውን አትጠብቅም፤ አብራው ታዜማለች። እንዲህ ያላንቀሳቀሱት ልጅ አጥንቱ አይጸናም ይባላል። ለዚህ ትምህርት እኛ እንግዳ አይደለንም፤ ወፌ ቆመች ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው። ውጤቱም የሚታይ ነው፦ በመቀመጥ፣ በመቆምና በመሳሰሉት ትልልቅ እንቅስቃሴዎች የንሶ ሕፃናት ከጀርመን እኩዮቻቸው ቀድመው ተገኝተዋል። ልብ በሉ፤ የእንቅስቃሴ እድገት በየትኛውም አገር በአንድ የጊዜ ሰሌዳ የሚሄድ፣ ተፈጥሮ ብቻዋን የምትወስነው ነገር ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር።

ሕፃኑን የሚይዘው ማን እንደሆነም ማየት ያሻል። በጀርመኑ ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ። በንሶው ግቢ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፤ ከሁሉም በላይ ገና ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላት እኅት አለች። እናት እርሻ ስትወርድ ልጁ ከእነዚህ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ስለዚህ ጥሩ ሕፃን የሚባለው ማንም ቢያነሣው የማይበረግግ፣ የተረጋጋ ሕፃን ነው። ከአንድ ሰው ሌላ አልነካም የሚል ልጅ ለእርሻ ቤተሰብ ሸክም ነው፤ ለራሱም አደጋ ነው።

ተመራማሪዎቹ አንዱ ወገን የሌላውን ቀረጻ እንዲያይ አደረጉ። የንሶ ሴቶች ሕፃን በጀርባው ተጋድሞ ብቻውን ሲቀር አይተው ተገረሙ፤ ስለምን አያነሡትም አሉ። ጀርመናውያቱ በበኩላቸው ያ ማንሣትና ማውረድ ሻካራ መሰላቸው፤ ልጁ ይፈልግ አይፈልግ ያልተጠየቀበት ጨዋታ ሆነባቸው። ሁለቱም ወገኖች ያዘኑት ለሕፃኑ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሮበርት ለቫይን አንድ ጠቃሚ መነሻ ሰጥቶናል። ወላጆች በየትም ቦታ በመጀመሪያ የልጁን በሕይወት መቆየት፣ ቀጥሎ ራሱን ችሎ መኖሩን፣ ከዚያ በኋላ ባህሉ የሚያከብራቸውን እሴቶች ያስባሉ፤ ሕፃናት የሚሞቱበት አገር የመጀመሪያው ግብ ሌላውን ሁሉ ይገዛል። በካሜሩን ከሺህ ሕፃናት ሰባ ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። በጀርመን አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከሺህ ሦስት ገደማ ናቸው። ሳያለቅስ በፊት የሚጠባ፣ ከገላ የማይለይ ሕፃን ሕመሙም ቶሎ ይታወቃል። የጀርመኗ እናት «ምን ትፈልጋለህ?» ብላ የምትጠብቅበት ጊዜ ያገኘችው ልጁ እንደማይሞትባት እርግጠኛ ከሆነች በኋላ ነው። የወደፊቱ ኑሮም ይለያያል። አንደኛው ልጅ እንጀራው የሚወሰነው ሐሳቡን በመናገርና ራሱን በማስተዋወቅ ነው፤ ሌላኛው የሚኖረው መሬትንና ሥራን ከዘመድ ጋር በመካፈል ነው።

ነገር ግን ይህን ስንል ጀርመን ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች ብለን እንዳንሳሳት። በ1900 አካባቢ በዚያ አገር ከአምስት ሕፃናት አንዱ ያህል የመጀመሪያ ልደቱን ሳያይ ይሞት ነበር። በ1934 ሐኪሟ ዮሃና ሃረር ለእናቶች ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ሕፃን ሲያለቅስ አታንሡት፣ ትንሽ አምባገነን ይሆንባችኋል የሚል መንፈስ ያለው ነበር። መጽሐፉ በናዚ ዘመን በሰፊው ተሠራጨ፤ ከጦርነቱ በኋላም የፖለቲካ ቋንቋው ተፍቆለት ለአሥርት ዓመታት መታተሙን ቀጠለ። ልጅ ያለ ዱላና ያለ ማዋረድ የማደግ መብት አለው የሚለው ሕግ የወጣው በ2000 ነው። ዛሬ «የጀርመን አስተዳደግ» ብለን የምናደንቀው ወይም የምንተቸው ነገር የሁለት ትውልድ ዕድሜ እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ባህል ጥንታዊ የሚሆነው ለአፍሪካ ብቻ ይመስል፣ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ፤ ንግግሬ ዋና ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

አብዛኞቻችሁ የቁርኝትን ንድፈ ሐሳብ ተምራችኋል። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ ሕፃን ከተንከባካቢው ጋር የሚፈጥረው ትስስር እንደ ምግብ ሁሉ የህልውና ጉዳይ ነው አለ። ሜሪ ኤንስዎርዝ ይህን ሐሳብ በተግባር ያየችው በመጀመሪያ በአሜሪካ አልነበረም፤ በ1954ና በ1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች ከቤት ቤት እየሄደች፣ ከእናቶች ጋር ቁጭ ብላ ነው። በኋላ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ የታወቀውን ፈተና ቀረጸች። አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጋር ወደማያውቀው ክፍል ይገባል፤ እንግዳ ሰው ትመጣለች፤ እናት ሁለት ጊዜ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፤ ሁሉ ነገር ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከምንም በላይ የሚመዘነው እናት ስትመለስ ልጁ የሚያደርገው ነው። ወደ እርሷ ሄዶ የሚጽናና «በቁርኝቱ የተማመነ» ይባላል። እንዳላየ ሆኖ መጫወቻው ላይ የሚያተኩር «ሸሺ» ይባላል። ሙጭጭ ብሎ አልጽናና የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ። በባልቲሞር ከሦስት ሕፃናት ሁለቱ ያህል ከመጀመሪያው ወገን ሆኑ፤ ይህም ቁጥር ቀስ በቀስ የጤነኛ ሕፃን ሚዛን ሆነ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሪንና ክላውስ ግሮስማን የተባሉ ባልና ሚስት ፈተናውን በሰሜን ጀርመን፣ በቢለፌልድ ከተማ፣ በ49 ሕፃናት ላይ ሞከሩት። ግማሽ ያህሉ «ሸሺ» ሆነው ተገኙ፤ «በቁርኝታቸው የተማመኑት» ሲሶ ብቻ ነበሩ። ሚዛኑን እንዳለ ብንቀበለው የቢለፌልድ እናቶች ግማሾቹ ልጆቻቸውን አበላሽተዋል ማለት ነው። ግሮስማኖች ግን እንዲህ አላሉም። በዚያ አካባቢ ልጅ ከእናት ቀሚስ ሳይንጠለጠል ቶሎ ራሱን እንዲችል ይጠበቃል፤ ፊቱን ያዞረው ልጅ የተማረውን እያሳየ ሊሆን ይችላል አሉ። በኋላ በደቡብ፣ በሬገንስቡርግ የተደረገው ጥናት ከባልቲሞሩ ጋር የሚቀራረብ ውጤት አስገኘ። የቢለፌልድ ጉዳይም የባህል ልዩነት ምሳሌ ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት ተመዘገበ።

አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር እነሆ፦ ለቢለፌልድ ልጆች ማብራሪያ ተፈለገላቸው። የሚያብራራላቸው ሰው የእናቶቻቸውን ቋንቋ የሚናገር የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ለሌሎች ማን ያብራራላቸዋል?

ሂልትሩድ ኦቶ የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ ወደ ንሶዎች ሄዳ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ፈተናውን እንዳለ ከማጓጓዝ ይልቅ ለአካባቢው የሚስማማ ሁኔታ አዘጋጀች፦ ልጁ የማያውቃት ሴት መጥታ ሰላም ትላለች፣ ልጁንም ታነሣዋለች። ከልጆቹ አብዛኞቹ አላለቀሱም፣ አልሳቁም፤ ገጽታቸው ምንም አላሳየም። በባልቲሞር ዓይን ይህ የሚያስደነግጥ ነው። ምናልባት ውስጣቸው እየታመሰ ይሆን? ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም፤ ሽፓንግለርና ክላውስ ግሮስማን በ1993 ባሳተሙት ጥናት ከውጭ የተረጋጉ የሚመስሉት «ሸሺ» ጀርመናውያን ሕፃናት ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በምራቃቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ኦቶም የንሶ ልጆችን ምራቅ መረመረች። የተረጋጉት ልጆች ኮርቲሶል ወረደ። አንድ ዓይነት ዝምታ፣ ሁለት የተለያዩ ልጆች። በዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ዐይን ብቻውን ሁለቱን ዝምታዎች መለየት አይችልም፤ መዋያ ውስጥ ያለችው መምህርትም ያላት ዐይን ብቻ ነው።

ከፍ ያሉ ልጆችንም እንይ። ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የታወቀ ሙከራ ታውቁታላችሁ፦ ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ ሳይበላው ከጠበቀ ሁለት ያገኛል። ቤቲና ላም ከኬለርና ከሌሎች ጋር በ2018 ያሳተመችው ጥናት ይህን በአራት ዓመት ልጆች ላይ አነጻጸረ፤ 125 ጀርመናውያን፣ 76 ንሶዎች ነበሩ። ለጀርመኖቹ ከረሜላ ወይም ቸኮሌት፣ ለንሶዎቹ ፓፍ ፓፍ የሚባል በዘይት የተጠበሰ፣ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ምግብ ቀረበ። ከጀርመኖቹ እስከ መጨረሻው የጠበቁት 28 በመቶ ናቸው፤ ከንሶዎቹ 70 በመቶ ያህሉ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚማርከኝ የአጠባበቃቸው ሁኔታ ነው። ጀርመኖቹ ይቁነጠነጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ንሶዎቹ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ ጥቂቶቹ እንዲያውም ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በደስታ ይሞላል፤ አፍሪካ አሸነፈች የሚል ፈገግታ አያለሁ። ፈገግታውን መቀበል ይከብደኛል። ጀርመናዊው ልጅ ፍላጎቱን ለይቶ እንዲያውቅና እንዲናገር አራት ዓመት ሙሉ ሲሠለጥን ቆይቷል፤ ጣፋጩን ሲበላ ፍላጎቱን አውቆ ነው። የንሶው ልጅም ጠብቅ ሲሉት የመጠበቅን ሥልጠና ጨርሷል። ሙከራው የለካው «ራስ መግዛት» የሚባል አንድ ነገር ነው ወይስ አንድ ትልቅ ሰው የተናገረውን ቃል መጠበቅ? መጠይቁ ራሱ አይነግረንም። በሁለተኛው ትርጉም ከሄድን ያ ሁሉ ጸጥታ ከትዕግሥት ይልቅ ከመታዘዝ ጋር ይዛመዳል።

ንሶዎቹን የሚያወድስ ሥዕል እንዳልሣል ሌላም የሚያስጠነቅቀኝ ነገር አለ። ራሱ የንሶ ተወላጅ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ባሜ ንሳሜናንግ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ አፍሪካዊ ልጅ በራሱ ማኅበረሰብ የእድገት እሳቤ መጠናት አለበት ሲል ተከራክሯል። ልጅ በቤት ሥራ፣ በመልእክት፣ ታናሽን በመጠበቅ ኃላፊነት እየተሰጠው ሰው ይሆናል። ሆኖም ታላቅን የማይጠይቅ ልጅ ክፍል ውስጥም አይጠይቅም፤ የማያለቅስ ልጅ ሲታመምም አያለቅስም ይሆናል፤ ታዛዥነትም በብዙ ቤት በአርጩሜ የተጠበቀ ነው። አርጩሜውን በባህል ስም የምከላከልለት ምክንያት የለኝም። በሌላ በኩል፣ አፓርታማ ውስጥ ከአንድ ሕፃን ጋር ብቻዋን የምትውል፣ እያንዳንዷን ለቅሶ በትክክል ልተረጉም ይገባኛል ብላ የምትጨነቅ ጀርመናዊት እናትም የሥርዓቷን ዋጋ ትከፍላለች።

ደግሞ ንሶ ማለት ካሜሩን ማለት አይደለም። የዱዋላ ከተማ የባንክ ሠራተኛ ልጁን የሚያሳድገው ምናልባት ከኩምቦ ገበሬ ይልቅ ለኦስናብሩክ ሠራተኛ ቀረብ ብሎ ነው፤ ኬለር ራሷ ከአገርና ከዘር ይበልጥ የትምህርት ደረጃ ልዩነቱን እንደሚያስረዳ ደጋግማ ጽፋለች። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ የገለጽኩላችሁ ግቢ የሰላም ጊዜ ግቢ መሆኑ ነው። ከ2017 ጀምሮ በካሜሩን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ክልሎች የትጥቅ ግጭት አለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተዘግተዋል፤ ኩምቦም ከተጎዱት አንዷ ናት። በዚያ ጥናት ውስጥ ጸጥ ብለው የጠበቁት ልጆች ወጣትነታቸውን ያገኙት በጦርነት ውስጥ ነው።

የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ ያደረገውን መልካም ነገር መካድ አልፈልግም። ወላጅ ሆስፒታል በተኛ ልጁ አጠገብ እንዲያድር የተፈቀደው በከፊል በዚህ ሐሳብ ግፊት ነው። በጀርመን «የበርሊን ሞዴል» በሚባለው አሠራር ሕፃን መዋያ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወላጅ አብሮት ይቆያል፤ ለመለየት የሚሞከረው ከአራተኛው ቀን በፊት አይደለም። ይህ ልጅን ማክበር ነው። ችግሩ የሚጀምረው ለቡድን ጥናት የተሠራ መለኪያ በአንድ ልጅ ላይ ፍርድ መስጫ ሲሆን ነው። በ2021 ሰባ ያህል የዘርፉ ተመራማሪዎች በአንድነት ባሳተሙት መግለጫ የቁርኝት ምደባ ልጅን ከወላጁ ለመለየት ወይም የማሳደግ መብትን ለመወሰን በሚቀርብ ክርክር እንዴት በስሕተት እየዋለ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። መግለጫው ያስፈለገው ነገሩ በፍርድ ቤቶች ይደረግ ስለነበር ነው።

ጉዳዩ የፈረንጅ አገር ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርቡልኝን መጠይቆች አያለሁ። «ልጅዎ ፍላጎቱን በግልጽ ይናገራል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛ በጥንቃቄ ይተረጎማል፤ ቋንቋው እንከን የለውም። ከዚያም ውጤቱ ይደመርና የገጠር ልጆቻችን «ዝቅተኛ» ሆነው ይወጣሉ። በዐሥራ አንድ ዓመቷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ውኃ የምትቀዳ ልጅ የምታውቀውን የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ የለም። ይህን የምናገረው ጣቴን ወደ ሌላ እየቀሰርኩ አይደለም፤ የራሴም የመጀመሪያ ጥናት እንዲሁ ነበር።

ወደዚያ ክፍል ልመለስ። «ጨዋ» የሚለውን መተርጎም ሲያቅተኝ፣ ለመምህርቷ ልጁ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እናቲቱን እንድትጠይቃት ነገርኳት። ጠየቀቻት። እናቲቱም ልጁ እንግዳ ሲመጣ ተነሥቶ እንደሚቀበል፣ የእጅ ውኃ ሲፈስስ ፎጣ ይዞ እንደሚቆም፣ የአንድ ዓመት እኅቱ ስታለቅስ ከእርሷ ቀድሞ ደርሶ እንደሚያባብላት ተናገረች። መምህርቷ ይህን ሁሉ ጻፈች። ቅጹ ግን ለዚህ የሚሆን መስመር ስላልነበረው በጀርባው ነበር የጻፈችው። ምልክቱን አልሠረዘችውም፤ ልትሠርዘው እንደማትችልም ነገረችን። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ምሳ ላይ «የቱን ትፈልጋለህ?» ከማለት ይልቅ ሳሕን እንዲያድል እንደምታዘው ግን ቃል ገባች።